መርማሪውን አባረርኩት፦ የአንድ ልብወለድ የሥራ ማስታወሻ

ጥር 6

ዛሬ እንደምንም ፋይሉን ከፈትኩት። 42 ገጽ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ "እየጻፍኩ ነው" ስል የኖርኩት ይህችኑ ነው።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። መስከረም 1924 ዓ.ም.፣ ከአዴት በላይ ባለ መንደር፣ አንድ ገበሬ በወሰን ጠብ ጎረቤቱን ይገድላል። ከዚያ ሌሊቱን ወደ ጣና ይወርዳል። ስም ገና አላወጣሁለትም። በደብተሬ ላይ "ሯጩ" እያልኩ ነው የምጠራው።

ዓመቱን ዝም ብዬ አይደለም የመረጥኩት። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ በ1923 ወጥቷል። የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ተፈርሟል። ይህ ሁሉ ግን አዲስ አበባ ነው። ጎጃም ገና በራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት እጅ ናት። እሳቸውም ዓመቱ ሳያልቅ፣ ግንቦት ላይ ልጅ ኢያሱ ፍቼ ከታሰሩበት ሲያመልጡ፣ እጃቸው አለበት ተብለው ይያዛሉ። በዚያ ዓመት የሚሸሸው የኔ ገበሬ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ከባዱ ነገር የዛሬዋን ባሕር ዳር መርሳት ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የለም። ፖሊ ቴክኒኩ የለም። ዘንባባው የለም። ጊዮርጊስ አለ፣ በዙሪያው ጎጆዎች አሉ፣ ከዚያ ደንገልና ውሃ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ቆሜ ሕንፃዎቹን በዓይኔ ማፍረስ ጀምሬያለሁ። የሚያየኝ ሰው ደላላ ሳልመስለው አልቀርም።

ጥር 12

ትናንት ጥምቀት ነበር። አልጻፍኩም። ዛሬ ደግሞ ቃና ዘገሊላ ነው።

ጥር 20

ሰፈራችን ውስጥ ሰማንያን ያለፉ አዛውንት አሉ። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው። አባታቸው የራስ ኃይሉን ዘመን በደንብ ያዩ ሰው ነበሩ። ቡና ተፈልቶ ሳለ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አነበብኩላቸው።

በጽሞና ሰሙ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ መርማሪው ይመጣል። ኮፍያ ያደረገ፣ ማስታወሻ ደብተር የያዘ፣ ትንሽ የሚናገር ሰው ነው። ሬሳው የወደቀበትን ቦታ በእርምጃ ይለካል። ምስክር ነጥሎ ይጠይቃል። በጣም ነበር የምወደው።

አባባ ሲኒያቸውን አስቀመጡና፣ "ይሄን ሰውዬ ደመወዝ የሚከፍለው ማነው?" አሉኝ።

"መንግሥት ነዋ አባባ።"

"የቱ መንግሥት? ከየት መጣ? በቅሎውስ የማናት?"

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው ግን አላቆሙም። ገዳዩ ይታወቃል አይደል? አዎ፣ ሦስት ሰው አይቶታል። "ታዲያ ምኑን ነው የሚመረምረው?"

እቤት ገብቼ በደንብ አሰብኩት። ሰው የተገደለው በማን እንደሆነ ሳይታወቅ ሲቀር በዚያ ዘመን የነበረው አውጫጭኝ ነው። የአካባቢው ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። አጥፊው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም። የቀረ ሰው ይቀጣል። ሥራው ይበላሻል፣ ከብቱ ጠባቂ ያጣል። ሰው የሚናገረው ሀቅ ስላሸነፈው ብቻ ሳይሆን ሜዳው ስለሰለቸውም ነው። ሌብነት ሲሆን ደግሞ ሌባሻይ ነበረ፤ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው እየተንገዳገደ የገባበትን ቤት "ሌባው ያለው እዚህ ነው" ይሉ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ታስረው ዳኛ ፊት እስኪቀርቡ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ።

የኔ ታሪክ ውስጥ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ገዳዩ ታውቋል። ያልታወቀው ዛሬ ማታ የት እንደሚያድር ነው። ፍለጋውም የመንግሥት ሥራ አይደለም። የባለደሙ ነው። የሟች ወንድም።

የካቲት 3

መርማሪውን አባረርኩት። 17 ገጽ ይዞ ሄደ።

አንድ ቀን ሙሉ አዘንኩ። ኮፍያውን ብቻ ላስቀረው ብዬ ነበር። ግን ማን ላይ ላድርገው?

የካቲት 15

ወደ ታንኳ ሠሪዎቹ ሄድኩ። ነገደ ወይጦ ናቸው። ሥራው ከአባት ወደ ልጅ የመጣ ነው። አንድ ጎልማሳ ሰው እየሠራ አገኘሁት። ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ቆይቼም እጄን አስገባሁ።

ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል። ከደረቀ በኋላ ረጃጅም እስር ሆኖ ይጠበቃል። እስሮቹ ጎን ለጎን ይሰፋሉ፣ አፍንጫው ወደ ላይ ይታጠፋል። ማጥበቁ ጉልበት ነው። እኔ ያሰርኩትን አይቶ ምንም ሳይናገር ፈታው። ሁለተኛውንም ፈታው። ሦስተኛውን ተወው፤ አዝኖልኝ ይመስለኛል።

ከዚያ ውሃ ላይ ወጣን። ታንኳ ላይ መቀመጥ ጀልባ ላይ እንደመቀመጥ አይደለም። ውሃው ከሥርህ ይገባል፣ ይወጣል። ታንኳው ውሃን ከልክሎ አይደለም የሚንሳፈፈው፤ ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። ሱሪዬ እስከ ጉልበቴ ራሰ። ዘንጉን ተቀብዬ ለመግፋት ሞከርኩ። ዞርን። እንደገና ዞርን። ዳር ላይ የነበሩ ልጆች በሳቅ ሞቱ።

ትልቁን ነገር የሰማሁት ስንመለስ ነው። በልብወለዴ ውስጥ ሯጩ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ታንኳው ላይ ተኝቶ ደንገሉ መሃል ይደበቃል። ይህን ስነግረው ሰውየው መቅዘፉን አቆመ።

"ሦስት ቀን? ይጠጣላ!"

"ማን?"

"ታንኳው ነዋ።"

ለካ ደንገሉ ውሃ ይመጥጣል። በዋለ ቁጥር ይከብዳል፣ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ጎትተው ፀሐይ ያስመቱታል። እንደዚያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነው፤ ይበሰብስና በአዲስ ይተካል።

ይህ ነገር ልብወለዱን ገለበጠው። እኔ ሐይቁን መደበቂያ አድርጌው ነበር። ሐይቁ ግን ሯጩን በየቀኑ ወደ ዳር ይተፋዋል። ዳር በወጣ ቁጥር ደግሞ ሰው አለ። ደንገል የምታጭድ ሴት፣ አሳ የሚያጠምድ ልጅ፣ ከብት ውሃ የሚያጠጣ እረኛ። አንድ ሰው ባየው ቁጥር አንድ ምዕራፍ።

ሌሊቱን ሙሉ ስጽፍ አደርኩ። ሱሪዬ እስካሁን አልደረቀም።

መጋቢት 2

አፈርኩ። ገጽ 31 ላይ ሯጩ "እምቦጭ ውስጥ ተሸሸገ" ብዬ ጽፌያለሁ።

እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። የኔ ገበሬ አረሙ ከመምጣቱ 80 ዓመት ቀድሞ ተሸሸገበት ማለት ነው። ሐይቁን ሳይ ስላደግሁ የማውቀው መስሎኝ ነበር፤ የማውቀው ግን የዛሬውን ነው። ውሃው ራሱ የዛሬ ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ቦታ በ1988 ገደማ ጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ሐይቁ የሚሞላውና የሚጎድለው በራሱ ብቻ አይደለም። ያኔ ግን ክረምቱ እንዳመጣው ነበር። መስከረምና ጥቅምት ላይ ውሃው ጫፍ ይደርሳል፣ ወደ ማሳው ይገባል። ስለዚህ ሯጩ የሚደርስበት ዳር መሬት ሳይሆን ጭቃና ውሃ የተቀላቀለበት ሜዳ ነው። ኮቴው ይቀራል።

መጋቢት 21

ዘጌ ሄጄ ነበር። በጀልባ፣ በማለዳ። ጀልባ ነጂዎቹ ሁሌም በጠዋት እንሂድ ይላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ይህንንም መዝግቤያለሁ። ሯጩ ከቀትር በኋላ መቅዘፍ አይችልም። ሌሊት ወይ ንጋት ብቻ።

ዘጌ በሬ አይጠመድም። የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይላሉ። ሞፈርና ቀንበር የለም። ሕዝቡ የሚኖረው በቡናው፣ በጌሾው፣ በሎሚው ነው። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው የጫካ መንገድ ላይ ስሄድ ነው ነገሩ የበራልኝ። የኔ ሰውዬ የአዴት አራሽ ነው። መዳፉ እርፍ የሠራው ነው። ዘጌ ደርሶ "ለሥራ ነው የመጣሁ" ቢል ቡና እንዴት እንደሚለቀም አያውቅም። ቅርንጫፍ ይሰብራል። አንዲት አሮጊት እጁን አይታ ዝም ትላለች። ዝምታዋን ነው የሚፈራው።

ከዚያ ወደ ክብራን ገብርኤል ተሻገርን። ክብራን ሴት አይገባም። አጠገቡ ያለው እንጦስ ደግሞ የሴት መነኮሳት ነው። ሁለቱ ደሴቶች እንደሚተያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። የሯጩ እናት ስንቅ ይዛ ብትመጣ መቆም የምትችለው ዳር ላይ ነው። ከውሃው እስከ መጀመሪያው ደረጃ ያለችው ቦታ ላይ ነው ልጇን የምታየው። ያችን ቦታ በእርምጃ ለካኋት። (የመርማሪው ልማድ ወደ እኔ ተጋብቷል።)

አንድ አባት አነጋገሩኝ። ጥያቄዬን ፈርቼ ነው የጠየቅኩት።

"አባ፣ ድሮ ነፍሰ ገዳይ ሸሽቶ ቢመጣ ምን ትሉት ነበር?"

"ውሃ እንሰጠዋለን።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እንጠይቀዋለን። ከጠየቅነው በኋላ የእኛ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ንስሐው ከእኛ ጋር ነው፣ ደሙ ግን ከሰው ጋር ነው። ሽማግሌ ይላካል።"

ይህን መልስ እንዳለ አልጠቀምበትም። ግን የመጨረሻው ሦስተኛ ክፍል የቆመው በዚህ ላይ ነው። ገዳም መግባት ማምለጥ አይደለም። ገዳሙ ሩጫውን ያስቆምና ድርድሩን ያስጀምራል። ድሮ ጎንደር ላይ የእጨጌው፣ የመነኮሳቱ አለቃ፣ ሠፈር እንዲሁ ነበር፤ ገብቶ የተማፀነን ሰው ጎትቶ ማውጣት ነውር ነው፤ ጉዳዩ ግን ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል።

ሚያዝያ 18

የጨረቃ ጉዳይ።

ሯጩ የመጀመሪያውን የሐይቅ ጉዞ የሚያደርገው መስከረም 15 ሌሊት ነው፤ በማግስቱ ደመራ ነው። "ድቅድቅ ጨለማ ነበር" ብዬ ጽፌያለሁ። ዛሬ ድንገት፣ ለመሆኑ ጨለማ ነበር? አልኩ።

አንድ መሪጌታ ዘንድ ሄድኩ። ባሕረ ሐሳብ፣ በዓላት የሚወጡበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ በጣታቸው ያሰላሉ። 5500 ላይ 1924 ጨመሩ፤ 7424። በ19 ገደፉት፣ ማለትም ከፍለው ቀሪውን ያዙ፤ 14 ቀረ። አንድ ቀነሱ፤ ወንበር 13። በ11 አባዝተው 143፣ በ30 ሲገድፉት አበቅቴ 23። በ19 አባዝተው 247፣ ሲገድፉት መጥቅዕ 7። "ሁለቱ ሲደመሩ 30፤ ልክ ነው" አሉ ፈገግ ብለው። ከዚያ የመስከረም 15ን ሌሊት አወጡልኝ፤ የጨረቃዋ ዕድሜ 9 ገደማ። ከግማሽ በላይ ናት ግን ሙሉ አይደለችም፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትገባለች።

ደስ አለኝ። ጨረቃ ስትገባ ይነሳል። ጥሩ ትዕይንት።

ሚያዝያ 19

ትናንት ማታ በኮምፒውተር ላይ የሰማይ ማሳያ ፕሮግራም ከፍቼ ቀኑን አስገባሁ። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 26 ቀን 1931 ነው። ጨረቃዋ 9 አይደለችም። ሙሉ ናት።

ሙሉ ብቻ አይደለችም። ያን ሌሊት ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ከምሽቱ 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መሃሉ ላይ ይደርሳል። ሙሉ በሙሉ ተሸፍና የቆየችው ከ1 ሰዓት በላይ ነው። ከጣና ላይ በደንብ ይታያል።

ወንበሬ ላይ ቀዝቅዤ ቀረሁ።

ጠዋት ወደ መሪጌታ ተመልሼ ነገርኳቸው። ስህተታቸውን የያዝኩ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ምንም አልገረማቸውም። የ19 ዓመቱ ዙር ከሰማዩ ጋር ፍጹም አይገጥምም፤ በ300 ዓመት ገደማ አንድ ቀን ይስታል። ከጥንት ጀምሮ ሲጠራቀም አምስት ስድስት ቀን ሆኗል። "ይሄ ቁጥር በዓልና አጽዋማት ለማውጣት ነው እንጂ ሌባ ለማስያዝ አይደለም" አሉኝ።

አሁን ችግሩ ሌላ ነው። ግርዶሹን ብጽፈው አንባቢ "ፈጠረው" ይላል። እውነት ሆኖ ውሸት የሚመስል ነገር ለልብወለድ ጸሐፊ መከራ ነው። ገዳይ ሲሸሽ ጨረቃ ደም ለበሰች! ርካሽ ፊልም ይመስላል። ልተወው ልያዘው እያልኩ ነው።

ሚያዝያ 24

ያዝኩት። ግን አያድነውም።

እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሯጩ በጨረቃ ብርሃን ለመሻገር ፈርቶ ደንገል ውስጥ ቁጭ ብሏል። ጨረቃዋ መጥቆር ስትጀምር እግዜር የረዳው ይመስለዋል። ዳር ላይ ተጎትቶ ከነበረ አንድ ታንኳ ላይ ይወጣና ይገፋል። ጨለማው ያግዘዋል። ነገር ግን ግርዶሽ ሲሆን ሰው አይተኛም። ደወል ይደወላል። መንደሩ በሙሉ "እግዚኦ!" እያለ ከቤቱ ይወጣል። ካህናቱ፣ ሴቶቹ፣ ሕፃናቱ። ዳር እስከ ዳር ሰው ይቆማል። ብርሃኑ ቀስ እያለ ሲመለስ ሁሉም ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ ነው፤ ከሰማዩ በታች ደግሞ ውሃው ላይ አንድ ሰው አለ።

ምናልባት ያን ሌሊት ደመና ነበረ። መስከረም ነው፣ ዝናቡ ገና አልወጣም። የደመናው ጉዳይ ግን የኔ ሥልጣን ነው።

ግንቦት 9

የገንዘብና የጠመንጃ ቀን።

በዚያ ዳር የሚታመነው ማርትሬዛ ብር ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው ዓመት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ነው፤ መቼም ይቀረጽ መቼ ቁጥሩ አይለወጥም። አንዱ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሽማግሌዎቹ ካሣውን 100 ብር ቢቆርጡት 2.8 ኪሎ ብር ነው። ይህን በስልቻ አድርጎ የሚያመጣ ዘመድ ትከሻው ይጎብጣል። የሰው ነፍስ ዋጋ እንዲህ በክብደት ሲታይ ይከብዳል፤ ሚዛን ላይ ጤፍ አስቀምጬ 2.8 ኪሎ በእጄ ይዤ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ባለቤቴ "ለድርቆሽ ነው?" አለችኝ።

ጠመንጃው ውጅግራ ነው። ከ4 ኪሎ በላይ። አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል፣ ከተኮስክ በኋላ እንደገና ማጉረስ አለብህ። ባለደሙ አንድ ዕድል ብቻ አለው ማለት ነው። ምኒሽር ሰጥቼው ነበር፤ ነጠቅኩት። አምስት ጥይት ያለው ሰው በደንብ አያስብም።

ሰኔ 4

መብራት ሄደ። መጣ። ሄደ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ምዕራፍ 7 የለም። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" ይሉ ነበር አያቴ። በእጄ እንደገና ደብተር ላይ እየጻፍኩ ነው።

ሰኔ 11

የተሻለ ሆነ። አልናገርም።

ሰኔ 27

ባለደሙ አስቸገረኝ። ክፉ አድርጌው ነበር። ዓይኑ የቀላ፣ ጥርሱን የሚያፋጭ። ጓደኛዬ አንብባ፣ "ይሄኛው ሰው አያርስም እንዴ?" አለችኝ። እሷና አባባ ተማክረው ነው የሚመስለኝ።

እውነቷን ነው። መስከረም ላይ ጤፉ አረም ይፈልጋል። ወንድሙ ሞቶበታል፤ አሁን የሁለት ቤት ማሳ በሱ ላይ ነው። ጣና ድረስ የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። ገዳይ ማሳደድ ለሱ ከእርሻ የተረፈ ጊዜ ሥራ ነው። የሚወጣው በበዓል ቀን ነው፣ አረም ሲጨርስ ነው፣ ልጁ ከብት መጠበቅ ሲችል ነው። ሯጩ ይህን ያውቃል። ስለዚህ ገዳዩ የሚተኛው በሥራ ቀን፣ የሚሸሸው በበዓል ነው። ይህን ሳገኝ ቤት ውስጥ ብቻዬን ጮህኩ።

ሌላው ነገር፣ ባለደሙ መግደል አይፈልግም። እንዲገድል የሚያደርገው ለቅሶው ነው። አልቃሿ የሟችን ስም ጠርታ፣ ጠመንጃውን ጠርታ፣ "የት አለ ወንድሙ?" ስትል እሱ እዚያው ቆሟል። ሁሉም አይቶታል። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ቢቀር ወንድ አይባልም። ሙሾውን ራሴ ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልሆነም። እቴቴ የምላቸው ትልቅ ሴት አምስት መስመር ነገሩኝ፣ ከዚያ እንባቸው መጣና ተውኩት። እነዚያን አምስት መስመሮች አላሳትማቸውም። ራሳቸው ያለቀሱበት ሐዘን ነው።

ሕጉን ማን ይጠቅሳል? በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነጋዴ "አሁን እኮ አዲስ መቅጫ ወጥቷል" ይላል። ሽማግሌዎቹ ያዳምጡታል። ጠላ ይቀዱለታል። ወደ ነገራቸው ይመለሳሉ።

ሐምሌ 15

ቃል ለቀማ ላይ ነኝ። "ደቂቃ" ወጣ፤ ሯጩ ደቂቃ አይቆጥርም። ዶሮ ሲጮህ፣ ከብት ሲገባ፣ ቅዳሴ ሲወጣ። "ኪሎ ሜትር" ወጣ፤ የግማሽ ቀን መንገድ። "ሁኔታውን አጤነ" ወጣ፤ አየ። "ፖሊስ" ገና የካቲት ላይ ከመርማሪው ጋር ሄዷል።

ሁለት ፈረንጆችም ወጡ። በዚያን ጊዜ ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን ሐይቁንና ደሴቶቹን እየዞረ ያጠና ነበር። የአሜሪካ መሐንዲሶችም ከጣና መውጫ ላይ ግድብ ለመሥራት ቦታውን ለክተዋል። ሁለቱንም ላስገባቸው በጣም ጓጉቼ ነበር። ግን ፈረንጅ ከገባ ልብወለዱ ስለ ፈረንጁ ይሆናል። አንድ እረኛ ብቻ "ውሃ የሚለኩ ነጮች" አይቻለሁ ይላል፤ ማንም አያምነውም።

አንድ ነገር ሲጠይቁኝ ነበር። ለምን ዓባይን ተሻግሮ በጌምድር አይገባም? ሌላ ሹም፣ ሌላ ችሎት ነው። ራስ ኃይሉ እዚያ አያዙም። አዎ፣ ግን የሟች እናት የደራ ሰው ናት። ወንዙን ሲሻገር ባለደሙን ትቶ ወደ ባለደሙ አጎቶች ነው የሚሄደው። እቴቴ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" አሉ። ለሁለተኛው ክፍል ርዕስ አገኘሁ፦ "ግንድ"።

ነሐሴ 8

ፍልሰታ። በጾም ጥሩ እጽፋለሁ። የክብራኑ ዳር ትዕይንት አለቀ። እናትየው፣ ስንቁ፣ ደረጃው። ከባለደሙም ጋር የሚገናኙት እዚያው ነው። ውጅግራው ይጎርሳል። ከዚያ የሚሆነውን እዚህ አልጽፍም።

ነሐሴ 24

ሙሉውን ለአባባ አነበብኩላቸው። አራት ቀን ፈጀ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት፣ ተኝተው ይሁን አይሁን አይታወቅም። ግርዶሹ ላይ ዓይናቸውን ገለጡ። አባታቸው ስለ አንድ የጠቆረ ጨረቃ ሲያወሩ ሰምተው እንደነበር ነገሩኝ። የትኛው ዓመት እንደሆነ አያውቁም። እኔም አልጠየቅኩም።

ስጨርስ ረጅም ዝም አሉ። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው ባለመኖሩ ደስ ብሏቸው እንደሆነ ጠበቅኩ።

"ታንኳውስ?" አሉኝ።

"የቱ ታንኳ?"

"ሌሊት ዳር ላይ አግኝቶ የወሰደው። የማን ነበር?"

ምዕራፍ 3ን ገለጥኩ። "አንድ ታንኳ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። አንድ ሰው ደንገል አጭዶ፣ አድርቆ፣ አስሮ፣ ማታ ፀሐይ እንዳስመታው ትቶት የገባ ታንኳ። ጠዋት ሲወጣ የለም። ማግስቱ ደመራ ነው፣ ገበያ ነበረው፣ የሚሻገር እንጨት ነበረው። ደግሞም በግርዶሹ ዳር ከቆሙት ሰዎች መካከል ውሃው ላይ ያለውን ታንኳ ከሰውየው በፊት የሚለየው እሱ ነው፤ እስሩን በእጁ አስሮታል።

ነገ ጠዋት ወደ ታንኳ ሠሪው እመለሳለሁ። ሰው የሠራውን ታንኳ ከሩቅ፣ በጨረቃ ብርሃን፣ በምን እንደሚለይ እጠይቀዋለሁ። ትርፍ ሱሪ ይዤ ነው የምሄደው።